«ሪቪው ከሆነማ አለቀ» ለምትሉ፣ እስኪ ጠይቁኝ

ሲስተማቲክ ሪቪው በአንድ ሕክምና ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ሰብስቦ፣ መዝኖ፣ አንድ መልስ የሚሰጥ ሥራ ነው። እንጀራዬ እሱ ስለሆነ የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አሥር ጥናት ተደምሮ እንዴት ይሳሳታል?

መልስ፦ አሥሩንም አይተሃቸዋል? የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሆነውን የታሚፍሉን ነገር ልንገርህ። ሲስተማቲክ ሪቪው የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን በ2006 ያወጣው ሪቪው መድኃኒቱ ኢንፍሉዌንዛ የሚያስከትላቸውን እንደ ሳንባ ምች ያሉ ጣጣዎች ይቀንሳል ብሎ ነበር። በ2009 ኬይጂ ሃያሺ የተባለ ጃፓናዊ የሕፃናት ሐኪም አንድ አስተያየት ላከ። «ይህ ድምዳሜ የቆመው 10 ሙከራዎችን ባጠቃለለ አንድ ጽሑፍ ላይ ነው። የታተሙት 2 ናቸው። 8ቱስ?» ነው ነገሩ። ገምጋሚዎቹም 8ቱን አላዩአቸውም! አምራቹ ሮሽ ሙሉ ሪፖርቶቹን እስኪሰጥ ዓመታት ፈጀ። መንግሥታት ግን እስከዚያ መጋዘን ሙሉ ገዝተዋል። በ2014 ተመርምሮ ሲያልቅ፣ አዋቂ ላይ ሕመሙን ከ7 ቀን ወደ 6.3 ቀን ያሳጥራል። ሆስፒታል ከመተኛት ያድናል የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ያልታተመው ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በ2008 የወጣ ጥናት ለአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለኤፍዲኤ የቀረቡ 74 የድባቴ መድኃኒት ሙከራዎችን አየ። መጽሔት ብቻ ላነበበ ሰው 94 ከመቶው የተሳካ ይመስላል። በኤፍዲኤ መዝገብ ግን 51 ከመቶ ነው። ሪቪው ሠሪው መጽሔት ብቻ ካገላበጠ የሚደምረው የተመረጠለትን ነው።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ብቻ መፈለግስ?

መልስ፦ እንደ ርእሱ ነው። የቻይና ባህላዊ መድኃኒትን ቻይንኛ ሳያነቡ መገምገም ግን ቀልድ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ በሽተኛ ሁለቴ ይቆጠራል?

መልስ፦ በደንብ! ኦንዳንሴትሮን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማስታወክን ይከላከላል። በ1997 እንደታየው፣ የአንዳንድ ሙከራዎች ውጤት ተደግሞ ታትሞ ነበር። ድግግሞሹ ሳይለይ ሲደመር የመድኃኒቱ ጥቅም በ23 ከመቶ ተጋነነ። እኔም አንዴ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ የበሽተኞቹ አማካይ ዕድሜና ክብደት እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ ሆኖ አገኘሁት። የደራሲዎቹ ስም ግን ሌላ። ያን ቀን ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። መጀመሪያ ምኑን ልይ?

መልስ፦ ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም አስቀድሞ የተጻፈውን የሥራ ዕቅድ። ሥራው ሳይጀመር ፕሮስፔሮ በሚባለው የሪቪው ዕቅዶች መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ አውጥተሽ ከጽሑፉ ጋር አስተያዪው። መጀመሪያ «ዋናው መለኪያችን ሞት ነው» ብለው፣ መጨረሻ ላይ የደም ምርመራ ቁጥር ዋና ሆኖ ከጠበቀሽ፣ ለምን እንደቀየሩት የጻፉበትን መስመር ፈልጊ። ብዙ ጊዜ አታገኚውም።