"ታላቅ እህቱን እናርቃት ወይስ እንንገራት?" ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። የ5 ዓመት ልጅሽ የደም ካንሰሩ አገረሸበት፣ ሐኪሞቹም "ከዚህ በኋላ የምንችለው ሕመሙን ማስታገስ ነው" አሏችሁ። ዘመድ ደግሞ የ8 ዓመቷን ታላቅ እህቱን ነገሩ እስኪያልፍ አዳማ አያቷ ጋ ላኳት እያለ ነው። እናርቃት ወይ፣ ካላራቅናትስ ምን እንበላት ብለሻል። ስለ ጠበሉም ጠይቀሻል፣ እመጣበታለሁ።

አትላኪያት።

የኔ ልጅ ያረፈው በዚሁ በሽታ ነው። እሱ 6 ዓመቱ ነበር፣ እህቱ 9። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ መድኃኒቱ የምለውን ሁሉ ከሐኪማችሁ ጋር አመሳክሪው። ስለ ልጆቹ ግን ያየሁትን ልንገርሽ።

በቅድሚያ ግን ልጃችሁ ገና ሕክምና የጀመረ ወላጆች ይህን ካነበባችሁ፣ የኔን ታሪክ የናንተ አታድርጉት። በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው 10 ልጆች ከ8 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። እኛ ጋ ቁጥሩ ከዚያ በጣም ያነሰ ቢሆንም የሚድኑ አሉ፣ አብረውን ከተኙት ልጆች ውስጥ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሄዱ አውቃለሁ። ልጆች ላይ የሚበዛው የደም ካንሰር ዓይነት ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። ልጁ ጸጉሩ በቅሎ፣ በልቶ፣ ሲጫወት ስታዩት ዳነ ብላችሁ እንዳታቋርጡ። ከክፍለ ሀገር ለምትመጡት ደግሞ ተስፋ አዲስ የሚባል የወላጆች ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያና ምግብ ይሰጣል፣ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም አለ። እሱን የመሠረቱት ልጃቸውን በዚሁ በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። ሄዳችሁ ጠይቁ።

ወደ አንቺ ልመለስ።

ልጅሽ ዝርዝሩን ባታውቅም ታውቃለች። ስልክ ይዘሽ በረንዳ ስትወጪ ታያለች። አያቷ አቅፋት ስታለቅስ፣ አባቷ ሳይበላ ሲተኛ፣ ሰው ሲገባ ወሬ ሲቋረጥ፣ ሁሉንም ታያለች። ያልተነገራትን ደግሞ ራሷ ትፈጥረዋለች፣ የምትፈጥረውም ከእውነቱ የባሰ ነው። የኔዋ አንድ ቀን ጸጉሯን እየሠራኋት "እማ፣ ያኔ ሆዱን በኳስ ስለመታሁት ነው አይደል?" አለችኝ። በሽታው ሲጀምረው ጣፊያው አብጦ ነበርና ሐኪሙ "ሆዱን እንዳይመታ ተጠንቀቁ" ሲል ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ የገደልኩት እያለች ለብቻዋ ይዛው ኖራለች። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች አስተዋይ ልጅ፣ አትረብሽም" እያለ ያመሰግናት የነበረው ዝምታ ይህ ነበር።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲህ ነው የሚያስበው። ተጣልተው "ሙት" ብላው ከሆነ ያ ቃል የያዘው ይመስላታል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትነግሪያት ማንም እንዳላመጣበት ነው። ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ ነው፣ የሱ መቅኒ የተበላሹ ነጭ የደም ሴሎች እያበዛ ለጤነኞቹ ቦታ አሳጣቸው፣ የሚገረጣውም የሚደማውም ለዚህ ነው በያት። ኳስ አላመጣውም። ጠብ አላመጣውም። ቡዳም እርግማንም አላመጣውም። አይተላለፍም፣ ብታቅፈው፣ አብራው ብትተኛ አይይዛትም። ይህንን ለጎረቤትም ንገሪ፣ እኛ ሰፈር ልጆቻቸውን አጠገቡ እንዳይደርሱ የከለከሉ ነበሩ። እንዲያውም ጥንቃቄው ለሱ ነው፣ ጉንፋን ወይም ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሲመጣ የሚጎዳው እሱ ነው።

ከዚያ ሞትን በስሙ ጥሪው። እንደሚከብድ አውቃለሁ። እኛ ያልናት ይህን ነው፦ "ሐኪሞቹ ብዙ መድኃኒት ሞከሩ። አሁን መድኃኒቱ በሽታውን ሊያቆመው አልቻለም። ወንድምሽ ይሞታል ብለን እናስባለን። መቼ እንደሆነ አናውቅም። ስናውቅ እንነግርሻለን፣ አንደብቅሽም።" በቃ። ከዚያ ዝም በይ። ምናልባት ታለቅሳለች፣ ምናልባት አሥር ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ምናልባት ደግሞ "እሺ፣ ውጭ ልጫወት?" ትልሻለች። ልጫወት ካለች አልሰማችም ወይም አልተሰማትም ማለት አይደለም፣ ልጅ ሐዘንን በትንሽ በትንሹ እየወሰደ መሀል ላይ ያርፋል። ማታ መኝታ ላይ ተመልሳ ትመጣበታለች። ለማታውቂው ጥያቄ "አላውቅም የኔ ልጅ" ማለት ይበቃል።

"ይተኛል" አትበያት፣ መተኛት ትፈራለች። "ሩቅ አገር ይሄዳል" አትበያት፣ አረብ አገር የሄደች አክስቷ ሻንጣ ሞልታ ተመልሳ መጥታለች፣ ታዲያ እሱ ለምን አይመጣም? "እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው" የሚለውን ደግሞ ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ይለዋል፣ ለትልቅ ሰው መጽናኛ ነው፣ ልጅ ግን "እኔንስ ቢወደኝ?" ብላ ትፈራለች። እግዚአብሔር ጋ ነው በያት፣ እኔም ብያታለሁ፣ አምናለሁም። ግን የሞተ ሰው እንደማይተነፍስ፣ እንደማያመው፣ እንደማይርበው፣ እንደማይመለስ አስቀድማ ትወቅ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑ አይገባውም። በ8 ዓመት ይገባታል።

ስለ ልጁ ራሱ አልጠየቅሽም፣ ግን እሱም ይጠይቅሻል። ላይ ላዩን የማይገናኝ ጥያቄ ነው የሚመጣው። የኔው ያለኝ "እኔ ከሌለሁ ብስክሌቴን ማን ይነዳታል?" ነው። እንዲህ ሲል "ዝም በል፣ ምን ሆነህ!" አትበይው፣ በሩን ትዘጊበታለሽ። "ማን ቢነዳት ትወዳለህ?" አልኩት። ለእህቱ ሰጣት፣ ጎማውን ግን አባባ ይንፋላት አለ። ልጆች እናታቸው እንዳታለቅስ ብለው ፍርሃታቸውን ይውጣሉ። የ6 ዓመት ልጅ እኔን ሊጠብቀኝ ሲሞክር አይቻለሁ፣ ለዚያ ነው ይህን የምልሽ።

አሁን ስለ ሕመሙ። እዚህ ላይ አጥብቀሽ ተከራከሪ። ልጅ እየተሰቃየ ሊሞት አይገባም፣ መድኃኒቱ አለ። ሞርፊን በሽሮፕ አለ። ሞርፊን ሲባል ዘመድ ይደነግጣል፣ አንዱ "ሱስ ይሆንበታል" ሌላው "ቶሎ ይገድለዋል" ይላል። ሐኪም በመጠኑ ያዘዘው ሞርፊን አይገድለውም፣ ለሕመም የተሰጠው ልጅም ሱሰኛ አይሆንም። ሽሮፑ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፣ አለቀሰም አላለቀሰም። ሕመሙ ተነስቶ እስኪጮህ ከተጠበቀ ማብረዱ በጣም ይከብዳል። ሆድ ስለሚያደርቅ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት። ከመውጣታችሁ በፊት በወረቀት አስጽፉ፦ ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ሰዓቱ፣ ሌሊትስ፣ ባይበቃው ምን ያህል ይጨመር፣ ሌሊት ማን ጋ ይደወል። ያዘዘላችሁ ሐኪም ሥራ ስለበዛበት ይህንን ሳይነግራችሁ ሊያልፍ ይችላል፣ በር ላይ ቆማችሁም ቢሆን ጠይቁት። ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ ግን አስፕሪን ወይም ዲክሎፌናክ እንዳትሰጡት፣ መድማቱን ያባብስበታል።

መድማቱ ሁላችሁንም ያስደነግጣል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ፕላትሌቱ፣ ሲወርድ ከድዱና ከአፍንጫው ይደማል። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀይ ፎጣዎች ግዢ። ይህን የነገረችን አንዲት ነርስ ናት፣ እስከዛሬ እመርቃታለሁ። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ደም ብዙ ይመስላል፣ ልጁም እህቱም ይሸበራሉ፣ ጥቁሩ ላይ ግን አይታይም። አፉ ከቆሰለ ለብ ያለ አጥሚት በማንኪያ ስጪው፣ እምቢ ካለ አታስገድጂው፣ አለመብላቱ አይደለም የሚገድለው። "ምን ልርዳችሁ" የሚል ዘመድ ካለ ደግሞ ደም ባንክ ሄዶ ይለግስ፣ ፕላትሌት ከደም ተለይቶ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ አይገኝም። ያንቺ ልጅ ባይፈልገው እንኳ አጠገቡ የተኛው ልጅ ይፈልገዋል።

ቤት ይሁን ሆስፒታል ላልሽው፣ ሕመሙን ቤት ሆናችሁ መቆጣጠር ከቻላችሁ ቤት ይሻላል። እኛ ቤት ወሰድነው። እህቱ ከትምህርት ቤት መጥታ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፣ እሱ ቀለም ይመርጥላታል። ይህ ጊዜ ለሷ ዛሬ ትልቅ ሀብት ነው፣ አያቷ ጋ ብትላክ አታገኘውም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ ሕመም የማስታገስ እንክብካቤ ይሰጣል፣ ደውላችሁ ለልጃችሁ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ጠይቁ። ግን ሌሊት ላይ ከአቅማችሁ በላይ ሆኖ ሆስፒታል ብትወስዱት ማንም "ምነው ቤት ቢሆን" እንዳይላችሁ፣ እናንተም ራሳችሁን አትውቀሱ።

ጠበሉ። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ ልጄን ጠበል አጠጥቼዋለሁ፣ ቆርቧል፣ የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው ጸልየውለታል፣ እሱም ደስ ይለው ነበር። ግን "መድኃኒቱን ካልተዋችሁ ጠበሉ አይሠራም" የሚላችሁን አትስሙ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናግረዋል። ሞርፊኑ ሳይቋረጥ ጠበሉን ቤት አስመጡለት፣ ይጠጣ፣ ይቀባ። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ሌሊት አስነስቶ በቀዝቃዛ ውኃ ማጥመቅ ግን ልጁን ማሰቃየት ነው፣ ይህን የምለው አምኜ ነው።

ለቅሶውን ከአሁኑ አስቢበት፣ ያኔ ማሰብ አትችይም።

ልጅቷ መሞቱን ካንቺ ወይም ከአባቷ ትስማ፣ ያኔውኑ፣ ከሌላው ሰው በፊት። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ አይንገራት፣ ከጎረቤት ጩኸትም አትስማው። ቤቱ ምን እንደሚመስል ቀድመሽ ንገሪያት፦ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛ ይመጣል፣ ሴቶች ይጮሃሉ፣ ደረት ይመታሉ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ግን አልጠፋብሽም። የምትወዳትን አንዲት አክስት ለሷ ብቻ መድቢ፣ ሥራዋ ከልጅቷ አለመለየት ይሁን፣ ስትደክም ወደ ውጭ ታውጣት፣ ስትራብ ታብላት። ቀብር መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት። የኔዋ እፈልጋለሁ አለች፣ ዘመድ ተቆጣ፣ አባቷ "ወንድሟ ነው" ብሎ እጇን ይዞ ወሰዳት። አልፈልግም ካለችሽም እሺ በያት።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትፍቀጂ። ሰው ይመጣና ልጅቷን "ከእንግዲህ አንቺ ነሽ ጠንካራ የምትሆኚው፣ እናትሽን እንዳታስለቅሻት" ይላታል። የሚለው በፍቅር ነው፣ ግን ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንባዋን ትደብቃለች። አክስቷ ቆማ "አይ፣ እሷም ታልቅስ" ትበል። አንቺን ደግሞ "ሌላ ትወልጃለሽ" ይሉሻል። ምንም መመለስ የለብሽም።

ልብሱንና ጫማውን ዘመድ ተሽቀዳድሞ እንዳያነሳው። ጊዜውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ ልጅቷም የምትፈልገውን ትውሰድ። የኔዋ አንድ ካልሲ ወሰደች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ትምህርት ቤት ከመመለሷ በፊት መምህሯን አናግሪ፣ ክፍል ውስጥ ስታለቅስ ወጥታ መመለስ እንድትችል። ውጤቷ ይወርዳል፣ ሆዴን አመመኝ ታበዛለች፣ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ትቆጣለች። ወራት አልፈው ከብዶባት ካየሽ፣ ካልበላች፣ ካልተኛች፣ ልሙት ካለች የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ውሰጃት።

ስለ ባልሽ የጻፍሽውን አይቻለሁ። የኔውም አንድ ቃል አይተነፍስም ነበር፣ ከሥራ ወደ ሥራ ይሮጣል፣ ብድሩን ይቆጥራል። ጨክኖ አይደለም። ለልጅቷ ስትነግሯት ግን እሱም አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ምንም ባይናገር እንኳ።

ዛሬ ማታ ከጠየቀችሽ ለነገ አታሳድሪው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ስልክ እይዛለሁ፣ ሌሊት ብትጽፊም ሳየው እመልስልሻለሁ።