የባልደረባን ሰነድ ሳይነኩ የራስን ህትመት መሰረዝ

ጠያቂያችን በሲ ሻርፕ ለአንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭ ፕሮግራም ሠርተዋል። ጥቂት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንድ ፕሪንተር ይጋራሉ። ችግሩ አንድ ሠራተኛ «ህትመቱን ሰርዝ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን የሌሎቹም ሰነድ አብሮ መጥፋቱ ነው፤ ፕሪንተሩ ግን የተሰረዘውን ሰነድ ጥቂት ገጾች ማውጣቱን አያቆምም። ለሠራተኞቹ ሁሉ ፕሪንተሩን የማስተዳደር ፈቃድ ካልተሰጠ ደግሞ ቁልፉ ጨርሶ አይሠራም ብለዋል።

የላኩልኝን ኮድ ተመልክቼዋለሁ። የተጠቀሙት ሴትፕሪንተር የሚባለውን ፈንክሽን ሲሆን፣ የሰጡትም ትእዛዝ ቁጥር 3፣ ማለትም ፐርጅ ነው። ይህ ትእዛዝ አንድን ሰነድ ለይቶ የሚያወጣ ሳይሆን የፕሪንተሩን ወረፋ በሙሉ የሚጠርግ ነው፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የጠየቀዎትም ለዚሁ ነው። እባክዎ ያንን ፈቃድ ዛሬውኑ ከሠራተኞቹ ላይ ያንሱ።

የሚያስፈልግዎ ሴትጆብ፣ ማለትም አንድን ሰነድ ብቻ ለይቶ የሚያዝዘው ፈንክሽን ነው። ፕሪንተሩን በኦፕንፕሪንተር ፈንክሽን ከከፈቱ በኋላ የሰነዱን መለያ ቁጥር፣ ለደረጃው 0፣ ለመረጃው ባዶ፣ ለትእዛዙ ደግሞ 5 ይስጡት፤ 5 ዴሊት ማለት ነው። የሴትጆብ ቁጥር 3 ካንስል የሚል ስም ስላለው ያማልላል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ግን በእሱ ፋንታ ዴሊትን እንድንጠቀም ይመክራል። ተጠቃሚው የራሱን ሰነድ ለመሰረዝ በተለመደው አደረጃጀት ተጨማሪ ፈቃድ አያስፈልገውም። ባለቤትነቱ የሚታወቀው ግን በዊንዶውስ መግቢያ ስም ስለሆነ፣ ሁሉም በአንድ ስም የሚገቡ ከሆነ አንዱ የሌላውን ከመሰረዝ የሚያግደው ነገር አይኖርም።

መለያ ቁጥሩን ማግኘት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለማተም የሚጠቀሙበት ፕሪንትዶኪዩመንት የተባለው የሲ ሻርፕ መሣሪያ ቁጥሩን አይሰጥዎትም። ስለዚህ ከማተምዎ በፊት ለሰነዱ የማይደገም ስም፣ ለምሳሌ «ደረሰኝ 20418» የሚል ይስጡት፤ ለመሰረዝ ሲፈልጉ ወረፋውን የሰነዶቹን ዝርዝር በሚያመጣው ኢነምጆብስ በሚባለው ፈንክሽን አንብበው የሰነዱም የተጠቃሚውም ስም የሚገጥመውን ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ሰነድ ጋር ጆብአይዲ እና ፖዚሽን የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። ለሴትጆብ የሚሰጡት መለያ ቁጥር ጆብአይዲ ነው፤ ፖዚሽን ግን የወረፋ ተራ ስለሆነ ከፊት ያለው ሰነድ ሲያልቅ ይለወጣል፤ እኔ ሥራ ስጀምር ሁለቱን አምታትቼ የሌላ ክፍል ሰነድ ሰርዤ ስለማውቅ ነው አጥብቄ የምነግርዎት። የታካሚን ስም ደግሞ በሰነድ ስም ውስጥ በፍጹም አያስገቡ፤ ወረፋውን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል።

ከተሰረዘ በኋላ ስለሚወጡት ገጾች፦ ሴትጆብ ተሳካልኝ ብሎ ሲመልስ ትእዛዙን ስፑለሩ (ወረፋውን የሚያስተዳድረው የዊንዶውስ ክፍል) ተቀበለ ማለት እንጂ ወረቀቱ ቆመ ማለት አይደለም። ወደ ፕሪንተሩ ሜሞሪ አስቀድሞ የተላለፈው ክፍል ከስፑለሩ እጅ ወጥቷል፤ እሱን የሚያቆመው ፕሪንተሩ ላይ ያለው የመሰረዣ ቁልፍ ነው። በመሆኑም ፕሮግራምዎ ወዲያው «ተሰርዟል» ከማለት ይልቅ «በመሰረዝ ላይ» ብሎ፣ ሰነዱ ከወረፋው እስኪወጣ የአንድን ሰነድ ሁኔታ በሚያሳውቀው ጌትጆብ በየሰከንዱ ይጠይቅ። ስህተት ቁጥር 5 ከመጣ ፈቃድ የለም ማለት ነው፤ 87 ከመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ቀድሞ ታትሞ ከወረፋው ወጥቷልና ሠራተኛውን በስህተት መልእክት አያስደንግጡት።

ረጃጅም ሪፖርቶች ላይ ፕሮግራሙ ገጾቹን ገና እያዘጋጀ ሳለ ቁልፉ ከተነካ፣ እያንዳንዱ ገጽ ሲዘጋጅ በሚጠራው ፕሪንትፔጅ ውስጥ የካንስልን ዋጋ እውነት ማድረግ ይበቃል። ይህ እድል ሰፋ እንዲል በፕሪንተሩ አድቫንስድ ገጽ ላይ ህትመቱ የመጨረሻው ገጽ ወረፋ ከገባ በኋላ እንዲጀምር ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ወረቀት ትንሽ ይዘገያል እንጂ፣ ሠራተኛው ሐሳቡን ሲለውጥ አንድም ገጽ ሳይባክን መሰረዝ ይችላል።