አስተዋይና ጠንቃቃ አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ «አስተዋይና ጠንቃቃ ገንዘብ ያዥ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ሁለቱ ቃላት አንድ ከሆኑ ለምን ተደገሙ? «ልባም» ቢባልስ አይበቃም ነበር?

መልስ፦ ቃላቱ የተዛመዱ ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ግሶቹን ልብ ይበሉ። ሰው የሚጠነቀቀው ከእሳት፣ ከሌባ፣ ከመኪና ነው፤ አለዚያም ለጤናው ይጠነቀቃል። የሚያስተውለው ግን ነገሩን ራሱን ነው፤ «መንገዱን አስተውል» እንላለን እንጂ «ከመንገዱ አስተውል» አንልም። የጠንቃቃ ሐሳብ ሊመጣ በሚችለው ጉዳት ላይ ነው። አስተዋይ ነገሩን ቀርቦ ያያል፣ ያመዛዝናል፣ ከዚያ ይወስናል።

እዚያው ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ የምትገዛ እናት ዓይኑ መጥራቱን ታያለች፣ ጎኑን በጣቷ ጫን አድርጋ ትፈትናለች፤ ይህ ማስተዋል ነው። ቤት ገብታ ልጇን ስታበላ «ከአጥንቱ ተጠንቀቅ» ትለዋለች። በአንዱ ዓሣ ሁለቱም ቃላት ሥራ አላቸው። ገንዘብ ያዡም ብሩን ደግሞ ሲቆጥር፣ ካዝናውን ሲቆልፍ ጠንቃቃ ነው፤ የዚህ ወር ወጪ ለምን ከወትሮው በለጠ ብሎ ሲጠይቅ አስተዋይ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው አልተሳሳተም።

«ልባም» እኔ በጣም የምወደው ቃል ነው። «ሀብታም»፣ «ጉልበታም» እንደምንለው ከ«ልብ» የወጣ ነው። በአማርኛ ልብ ማሰቢያም ነው፤ «ልብ በል»፣ «ልብ ገዛ»፣ «ልቦና ይስጥህ» የምንለው ለዚህ ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ላይ፣ ከአሥሩ ቆነጃጅት አምስቱ «ልባሞች» ተብለዋል። ሙሽራው ሊዘገይ እንደሚችል አስበው ለመብራታቸው ትርፍ ዘይት የያዙት እነሱ ናቸው። ማስተዋልና ጥንቃቄ በአንድ ቃል ተገናኙ ማለት ነው። ምዕራፍ 10 ላይ ያለው «እንደ እባብ ልባሞች» የሚለውም ያው ነው።

«ብልጥ»ን ግን ከእነዚህ ጋር አልቆጥረውም፤ ለራስ ጥቅም መሯሯጥ ይሸተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ገንዘብ እንዲይዝ አይፈለግም።

ታዲያ ማስታወቂያው ላይ «ልባም» ለምን አልተጻፈም? ዛሬ ልብ ሲባል ብዙ ወጣት ቶሎ የሚታየው ድፍረት ነው፤ «ልበ ሙሉ» ከሚለው ጋር ያምታታዋል። ቃሉ በስብከትና በሽማግሌዎች ምርቃት ውስጥ ብቻ ሲቀር ያሳዝነኛል። እርስዎ ልጅዎን ወይም ባልደረባዎን ሲያመሰግኑ «ልባም ነህ» ይበሉት፤ ትርጉሙን ከጠየቀዎት የዘይቱን ነገር ይንገሩት።