«ጉበት አለብሽ ብለው ምግቡን ሁሉ ከለከሏት» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ስለ ጉበት የሚጠይቁ መልእክቶች በዝተውብኛል። አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ዳር ናቸው። ሳነባቸው ሐኪም ከከለከለው ይልቅ ጎረቤት የከለከለው በልጦ አገኘሁት። ስለዚህ ዛሬ ወደ መፍቀዱ አደላለሁ።

እናቴ ጉበቷ ጠባሳ ይዟል፣ ሲርሆሲስ ነው ተብላለች። ከዚያ ወዲህ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ሽሮ ሳይቀር «ለጉበት ይከብዳል» ተብሎ ቀርቶባት የምትበላው ፓፓያና የአትክልት ሾርባ ብቻ ሆኗል። ክንዷ ከስቶ አለቀ። በዚያ ላይ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ምን ላብላት? (ከሰበታ)

ክንዷን ያከሳው በሽታው ብቻ አይመስለኝም፤ ረሃቡም ነው። ጤነኛ ጉበት ቀን ከተበላው ላይ ስኳር አከማችቶ ሌሊቱን ሰውነትን ይቀልባል። ጠባሳ የያዘ ጉበት ግን ጎተራው ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይራቆታል። ያን ጊዜ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ስኳር ያደርገዋል። እናትዎ ራት በልተው እስከ ጠዋት ሲቆዩ ሰውነታቸው ላይ የሚደርሰው፣ ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ቢራብ የሚደርስበትን ያህል ነው።

«ፕሮቲን ይቀነስ» የሚለው ምክር ድሮ ሐኪሞችም ይሰጡት ነበር፤ ዛሬ ቀርቷል። አሁን ለሲርሆሲስ ሕመምተኛ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። እናትዎ 50 ኪሎ ቢመዝኑ ከ60 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ የተቀቀለ ምስር ደግሞ 18 ግራም ያህል አለው። በፓፓያና በሾርባ እዚያ አይደረስም።

ስለዚህ ሥጋውም እንቁላሉም ሽሮውም ይመለስ፤ በደንብ የበሰለ ይሁን እንጂ። ከመጠኑ ይልቅ ሰዓቱን ይጠብቁ፦ ጠዋት እንደተነሱ ቁርስ፣ ቀን ላይ በየሦስት አራት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊተኙ ሲሉ አንድ ነገር ይቅመሱ፦ በሶ፣ አጥሚት በወተት፣ ወይም ዳቦ በእንቁላል። ይህች የመኝታ ሰዓት ምግብ ትንሽ ብትመስልም ጡንቻን ታድናለች። እኔ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል እርሷን ነው የምመርጠው።

የጾም ምግቡ ራሱ ምንም አይላቸውም። ምስሩ፣ ክኩ፣ ሽሮው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ይስማማቸዋል፤ የጥራጥሬ ፕሮቲን ከሥጋው የሚሻላቸው ሕመምተኞችም አሉ። የሚጎዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ነው። የሐኪሙን ቃል ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ይሂዱ፤ ለታመመ ሰው ጾሙ ይቀልለታል። (እናቶች ከልጃቸው ይልቅ የንስሐ አባታቸውን እንደሚሰሙ የታወቀ ነው።) ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ቀን የሚያንቀላፉ፣ የሚረሱ ወይም የሚቀባዥሩ ከሆነ ግን ሥጋ በመከልከል አይድንም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።

ባለቤቴ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። እናቱ ሰሃኑንና ብርጭቆውን ለዩ፤ እሱም ልጆቹን ማጉረስ ተወ። (ከኮዬ ፈጬ)

ያጉርሳቸው! ቫይረሱ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በጉርሻ ወይም በብርጭቆ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። የሚለየው ምላጩና የጥርስ ብሩሹ ነው። ይልቅ አንቺም ልጆቹም ተመርመሩ፤ ቫይረሱ የሌለበት ያልተከተበ ካለ ይከተብ። አገራችን ክትባቱን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ያስገባችው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ለአማትሽም ይህንን አንብቢላቸው፤ ክፋት ሆኖባቸው ሳይሆን ፈርተው ነው።

ሆዴ ውኃ ይዞ ጨው ቀንስ ተባልኩ። ወጥ ላይ ጨው መነስነስ ትቻለሁ፣ እብጠቱ ግን አልቀነሰም። (ከሱሉልታ)

መጀመሪያ በርበሬዎን ይጠርጥሩ። በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባባቸዋል፤ ሽሮውም እንዲሁ። ከዚያ ድስቱ ላይ እንደገና ይጨመራል። የሾርባ ኩብ፣ የዳቦ ቤት ዳቦ፣ ጨው የተነሰነሰበት ቆሎ፣ አምቦ ውኃም ሳይቀር ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) አለባቸው። ሆዱ ውኃ ለያዘ ሰው የሚፈቀደው ከሁሉም ምግብ ተደምሮ በቀን 5 ግራም ጨው ገደማ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

የሚቀጥለው በርበሬ ሲዘጋጅ ለእርስዎ አንድ ኪሎ ያለ ጨው ይፈጭልዎ። ወጡም ጨው ሳይገባበት ድርሻዎ ተቀንሶ ይውጣ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ አልጫ ማብላት አያስፈልግም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና ሎሚ እንደ ልብ ይጠቀሙ። «ጨው የሌለው ጨው» ተብሎ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠውን ግን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይንኩ። ብዙዎቹ ፖታሲየም ናቸው፤ ውኃውን ለማውጣት የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ ፖታሲየምን በደም ውስጥ ያስቀራል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ልብን ያውካሉ። ደግሞ ጨው ጠላሁ ብለው ምግቡን ራሱን እንዳይተዉት። ጨው አንሶት መብላት ካቃትዎ ጨዉን ትንሽ ከፍ አድርገው ይብሉ፤ ይህንንም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ፤ ጥቂት ላሞችም አሉኝ። የሻገተ እህል ጉበት ያበላሻል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (ከለገጣፎ)

እውነት ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ከማንም በላይ። በሻገተ በቆሎ፣ ኦቾሎኒና በርበሬ ላይ የሚያድግ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው ጋር ሲገናኝ የጉበት ካንሰር ስጋቱን እጅግ ያንረዋል። መቁላትም መቀቀልም መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም። ሻጋታውን ጠርጎ ቀሪውን መብላት አይሆንም፤ ኦቾሎኒ ሲገዙ የተጨማደደውንና የጠቆረውን ለቅመው ይጣሉ።

ላሞችዎን ያነሱት መልካም ሆነ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ወተት ውስጥ ይኸው መርዝ ተለውጦ ተገኝቷል፤ ዋናው ተጠርጣሪም የኑግ ፋጉሎ ነው። ወተት ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ይህንን አያወጣውም። ፋጉሎ ሲገዙ ያሽትቱት፣ የሻገተ ከሆነ ይመልሱት፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ደረቅ ቦታ ያኑሩት። ወተቱን ግን አይተዉት።

በአጭር በአጭሩ

*ቡና?* ይጠጡ። በቀን ሁለት ሦስት ስኒ የሚጠጡ የጉበት ሕመምተኞች ጠባሳው እንደሚዘገይላቸው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስኳሩ ይቀነስ፤ በተለይ ጉበትዎ ላይ ስብ አለ ከተባሉ።

*የማኅበር ጠላ፣ ፊልተሩስ?* ሁለቱም አይሆኑም። ፊልተሩ እህሉን ያጣራል እንጂ አልኮሉን አያጣራም። ጠጅም፣ አረቄም፣ «አንድ ቢራ ብቻ»ም እንዲሁ። ለእርስዎ በዕለቱ የተበጠበጠ ብርዝ ይቅረብልዎ።

*ጥሬ ሥጋ?* ጉበቱ ጠባሳ የያዘ ሰው ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነው። ጥብስ ይዘዙ፤ ክትፎውም ይብሰል።

*ጫት?* ይተዉት። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ መጠጥም ቫይረስም ሳይኖርባቸው ጉበታቸው ከታመመ ሰዎች ጋር ተያይዟል።

*ለወፍ በሽታ የሚሰጠው ቅጠል?* ዓይን ቢጫ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው፤ በራሱ የሚለቅም አለ፣ ቅጠሉም ያዳነ የሚመስለው ለዚህ ነው። የታመመ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል መጨመር ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ከጠጡም አይፈሩ፣ የቀረዎትን ይዘው ሄደው ለሐኪምዎ ያሳዩት።