በዕጢ ዙሪያ ያለው ኮላጅን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከሕዋሳት ውጪ ያለው ማትሪክስ (ሕዋሳትን ደግፎ የሚይዘው መረብ) ፕሮቲኖች፣ ለምሳሌ ኮላጅን፣ በካንሰር መባባስ ምን ድርሻ አላቸው?

መልስ፦ ጥያቄው እጅግ ሰፊ ስለሆነ በጡት ካንሰር ልገድበው። ካንሰሩ ገና በወተት ቱቦው ውስጥ ሳለ፣ በዋናነት ከአራተኛው ዓይነት ኮላጅንና ከላሚኒን የተሠራው ቤዝመንት ሜምብሬን የተባለ ስስ ሽፋን ያግደዋል፤ ሽፋኑ ሲጣስ ግን ሕዋሳቱ አንደኛው ዓይነት ኮላጅን ወደሚበዛበት ሕብረ ሕዋስ ይዘልቃሉ። እዚያም ላይሲል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም የኮላጅኑን ክሮች እርስ በርስ ስለሚያስተሳስር አካባቢው ይጠጥራል፤ ሕዋሳቱም ጥጥረቱን ኢንቴግሪን በተባሉ ተቀባዮቻቸው አማካይነት ስለሚያውቁት ለመባዛትና ለመንቀሳቀስ ይበረታታሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የአይጥ ጥናት ይህን ማስተሳሰር መግታት የዕጢውን መባባስ ቀንሷል። የአይጥ ውጤት ግን የሕሙማን መድኃኒት አይደለም።

ጥያቄ፦ የኮላጅን ዱቄት መውሰድ ዕጢውን ያጠጥረዋል?

መልስ፦ የተዋጠ ኮላጅን አንጀት ውስጥ ይፈጫል፤ የዕጢውን ኮላጅን በአብዛኛው የሚያመርቱት እዚያው ያሉት ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማትሪክሱን የሚቆራርጡትን ኢንዛይሞች ማገድ ለምን አልተሳካም?

መልስ፦ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢንዛይሞቹን የሚያግዱ እንደ ማሪማስታት ያሉ መድኃኒቶች ተሞክረው ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሙከራዎች የተካሄዱት ካንሰሩ በገፋባቸው፣ ማለትም ሽፋኑ ከተጣሰ ብዙ ጊዜ ባለፋቸው ሕሙማን ላይ ነው። ከዚህም በላይ የእነዚህ ኢንዛይሞች ቤተሰብ ከሃያ በላይ አባላት ሲኖሩት አንዳንዶቹ ዕጢን የሚገቱ ናቸው፤ መድኃኒቶቹ ግን ጠቃሚውን ከጎጂው ሳይለዩ ብዙዎቹን በአንድነት ያግዱ ነበር። ሕሙማኑም በመገጣጠሚያ ሕመም ተሠቃይተዋል።

አንድ የውይይቱ አባል፦ በእኔ እምነት መፍትሔው በዕጢው ዙሪያ ኮላጅን ተከማችቶ የሚፈጠረውን፣ መድኃኒት እንዳይገባ የሚከለክለውን ጠባሳ ጠርጎ ማውጣት ነው።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2014 በቆሽት ካንሰር በተያዙ አይጦች ላይ ጠባሳውን የሚሠሩት ሕዋሳት ሲቀነሱ ዕጢው ይበልጥ ጨካኝ ሆኗል።

የመጀመሪያው አባል፦ ሃያሉሮናንን ስለሚያፈርሰው ኢንዛይምስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሃያሉሮናን ፕሮቲን ሳይሆን የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ ከርዕሳችን ወጥታችኋል። ለማንኛውም ያ ኢንዛይም በቆሽት ካንሰር ሕሙማን ላይ ከኬሞቴራፒ ጋር ተሰጥቶ ዕድሜ እንዳላራዘመ እ.ኤ.አ. በ2019 ተገልጿል። የ2014ቱም ቢሆን የአይጥ ጥናት ነው።

ጥያቄ፦ ማትሪክሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም ወይ?

መልስ፦ እባክዎ ከላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የየትኛው አካል ካንሰር፣ በየትኛው ደረጃ፣ የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ ሳይገለጽ ለሚቀርብ ጥያቄ መልስ የለኝም።