ስለ ትከሻ ጠይቁኝ፦ የኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ጎረቤቶች። እንደምታውቁት ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ውሃ በጠፋ ሰሞን ጄሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሁሉ «ትከሻዬን» እያለ በሬን አንኳኳ። ስለዚህ ዛሬ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ከሁሉ በፊት ግን የወለቀ ትከሻ አይጎተትም። መጀመሪያ ራጅ!

ጥያቄ፦ ትከሻ ለምንድን ነው ቶሎ የሚወልቀው?

መልስ፦ ብርቱካን የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጡ። ብርቱካኑ የክንድ አጥንት ራስ ነው፤ ማስቀመጫው ደግሞ ጉድጓዱ። የዳሌ ጉድጓድ ጥልቅ ስለሆነ አጥንቱን ዋጥ አድርጎ ይይዘዋል። የትከሻው ግን ጥልቀት የለውም። እጃችን እንደልብ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ የሚወልቀውም ለዚሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው የሚወልቀው። ብርቱካኑን መሃል ላይ የሚይዙት በዙሪያው ያሉ አራት ጡንቻዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ክንዴን ሳነሳ ያመኛል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ብቻ ምን ልበልህ? ወደ ጎን ነው ወደ ፊት? የቱ ጋ ሲደርስ? ማታስ? አስተካክለህ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ እስክስታ ትከሻ ይጎዳል እንዴ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ጀርባችን ላይ ግራና ቀኝ ስካፑላ የሚባል ጠፍጣፋ ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት አለ። ከጎድን አጥንት ጋር መገጣጠሚያ የለውም። 17 ጡንቻዎች ይዘውት ደረት ላይ ይንሸራተታል። ባለፈው ጥር እዚሁ ሰፈር ሰርግ ላይ አንዲት እናት እስክስታ ሲወርዱ ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። ከቀሚሱ ሥር ግን ሁለቱ ስካፑላዎች ወደ አከርካሪ ይሰበሰባሉ፣ ይከፈታሉ፣ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። እኔ ታካሚዎቼን በስንት ልመና የማሠራው እንቅስቃሴ ነው!

እቤት ሞክሩት። የልጃችሁ ስካፑላ ላይ መዳፋችሁን አድርጉና ክንዱን ወደ ላይ ያንሳ። አጥንቱ ከመዳፋችሁ ሥር ሲዞር ይሰማችኋል። ክንድ 180 ዲግሪ ሲነሳ 120 ያህሉ ከክንዱ መገጣጠሚያ፣ 60 ያህሉ ከስካፑላ ነው። ይህን ተመራማሪው ኢንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1944 ጽፈውታል። ስካፑላው ሰነፍ ከሆነ ጣጣው ክንዱ ላይ ይመጣል። እና እስክስታ አይጎዳም፤ ሰውነታችሁን አሟሙቃችሁ ውረዱት።

አንድ ጎረቤት፦ እስክስታ ካልክ የጎጃም ነው!

ሌላዋ፦ ጎንደርን ሳታይ ነው እንዲህ የምትለው።

መልስ፦ እባካችሁ፣ ይሄ ክርክር ለሰርጉ ይቆይ።

ጥያቄ፦ እናቴ 55 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ፀጉሯን መሥራት ካቃታት አምስት ወር ሆናት። እኛም ክንዷን ልናነሳላት ስንሞክር አይሄድም።

መልስ፦ እህቴ፣ የትከሻ መድረቅ ይመስላል። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢት ወፍሮ ይጨማደዳል። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበዛል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይብሳል። ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይቆያል። በጉልበት አታንሱላት። ሐኪም ይያት፣ ስኳሯን ትከታተል፣ በቀስታ ታንቀሳቅሰው።

ጥያቄ፦ ደረጃ ስወጣ ግራ ትከሻዬን ያመኛል፤ ያልበኛልም።

መልስ፦ ይሄ የእኔ አይደለም። ልብ ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ።

አንድ ጎረቤት፦ አያቴ ወጌሻ ነበሩ። ስንቱን ትከሻ መልሰዋል!

ሌላው፦ የእህቴን ልጅ ጎትተውት አጥንቱ ተሰብሮ ተገኘ።

መልስ፦ አያትህን አከብራለሁ። ግን ከመገጣጠሚያው ሥር ነርቭ ያልፋል፤ የደም ሥርም አጠገቡ ነው። ስብራት መኖሩን እጅ አያይም። የትከሻው ጎን ከደነዘዘ ነርቩ ተነክቷል ማለት ነው። ክንዱን በነጠላ አንገት ላይ አንጠልጥላችሁ ውሰዱት። ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው፦ መጀመሪያ ራጅ!

ጥያቄ፦ ትከሻዬን ያመኛል፤ ምን ልቀባ?

መልስ፦ የቱ ጋ እንደሚያምሽ ሳልሰማ ቅባት አላዝም። ከላይ ያለውን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ቅድም የጠየቅኩት ነኝ። ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ኮርኒስ ስቀባ ነው የጀመረኝ። ወደ ጎን ሳነሳ መሃል ላይ ይወጋኛል፤ ላይ ሲደርስ ይለቀኛል። ማታ በዚያ ጎን አልተኛም።

መልስ፦ ተባረክ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው! ከ60 እስከ 120 ዲግሪ መሃል የሚወጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከአራቱ ጡንቻዎች የላይኛው ጅማት ነው። ከአጥንቱ ጣሪያ ሥር ሲያልፍ ይቆጣል። መሰላሉ ላይ ከፍ በል፤ እጅህ ከትከሻህ በላይ ብዙ አይቆይ። ነገ ከሥራ ስትመለስ ቤት ብቅ በል። ሸሚዝህን አውልቀህ ክንድህን ታነሳለህ፤ እኔ ከኋላህ ሆኜ ስካፑላህን አየዋለሁ።