«የቀባኋቸውን አትንኩ» ተብሎ ሳለ ባሕታዊ ነኝ ባይን መመርመር ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። «ፒኬ» የተባለውን የሕንድ ፊልም ከእናቴ ጋር አየን። እናቴ «በእምነት ማላገጥ ነው» ብላ አዘነች። እኔ ግን ሰፈራችን የሚመጣ አንድ ባሕታዊ ነኝ ባይ ትዝ አለኝ። ትንቢት ይናገራል፣ ገንዘብ ይቀበላል፤ የሚጠይቀውን ሰው «የቀባኋቸውን አትንኩ ተብሏል» እያለ ያስፈራራል። እርሱን መመርመር ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይሆንብሽም። ሐዋርያው ዮሐንስ «መንፈስን ሁሉ አትመኑ» ብሎ እንድንመረምር ያዘዘው ምእመናንን ነው (1ዮሐ. 4፥1)። ባሕታዊ ነኝ ባዩ የጠቀሰው መዝሙርም (104፥15) ከአገር ወደ አገር ይንከራተቱ የነበሩትን አባቶች ነገሥታት እንዳይጎዷቸው የተነገረ ነው፤ ከጥያቄ መሸሸጊያ አይደለም።

የእናትሽ ኀዘን ይገባኛል። ፊልሙ ከአጭበርባሪው አልፎ ሥርዓተ እምነትን ሁሉ የሰው ፈጠራ ወደ ማለት ያዘነብላል፤ በዚህ አንስማማም። የአጭበርባሪውን አሠራር ግን በትክክል አሳይቷል። ታፓስቪ የተባለው «ቅዱስ» ሌባ የሸጠለትን ዕቃ «አምላክ የሰጠኝ ነው» እያለ ያሳልማል። ትንቢቱንም እዪው፤ ጃጉ የተባለችውን ወጣት «ፍቅረኛሽ ሳርፋራዝ ይከዳሻል» አላት። ሊጋቡ በተቀጣጠሩበት ቀን ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሳት፤ ትንቢቱ ልቧ ውስጥ ስለ ነበር ከእርሱ ነው ብላ ጥላው ሄደች። ደብዳቤው የተጻፈው ለሌላ ሴት ነበር። እውነቱ የወጣው በኋላ ስልክ ተደውሎ ሲጠየቅ ነው። እንዲህ ያለውን ትንቢት የሚፈጽመው ሰሚው ራሱ ነው። ሙሴም ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወዴት እንደሚወስድሽ ተመልከቺ ይላል (ዘዳ. 13፥1-3)።

ለምርመራ አብነት ከፈለግሽ ተረፈ ዳንኤልን ክፈቺ። ቤል ለተባለው ጣዖት በየቀኑ 12 መስፈሪያ ዱቄት፣ 40 በግና 6 ማድጋ ወይን ይቀርብ ነበር፤ የሚበላውም ጣዖቱ ራሱ ነው ይባል ነበር። ዳንኤል ካህናቱ ከወጡ በኋላ ወለሉ ላይ ዐመድ አስነሰነሰ፤ በሩም በንጉሡ ቀለበት ታተመ። ጠዋት ማኅተሙ እንዳለ ነው፣ ገበታው ግን ባዶ። ንጉሡ «ቤል ሆይ፣ ታላቅ ነህ» ብሎ ሲጮኽ ዳንኤል ወለሉን አሳየው፤ የወንድ፣ የሴትና የሕፃን ዱካ ታትሞበታል። ከገበታው ሥር ስውር በር ነበር፤ ካህናቱ ከነቤተሰባቸው በእርሱ እየገቡ ይበሉት ነበር።

አንቺም ወለሉን እዪ። ከየትኛው ገዳም እንደ መጣ፣ አበምኔቱ ማን እንደ ሆኑ ጠይቂው፤ የመሸኛ ደብዳቤውንም ያሳይሽ። ሐሰተኛ ማኅተም ይቀረጻልና ወረቀቱን ማየት ብቻ አይበቃም፤ በሰበካ ጉባኤው ወይም በሀገረ ስብከቱ በኩል ወደ ገዳሙ ይደወል። ስጦታ ካለሽ ለቤተ ክርስቲያን በደረሰኝ ስጪ። ለጸሎትና ለጸበል ዋጋ የሚቆርጥ «በከንቱ ተቀበላችሁ በከንቱ ስጡ» የሚለውን ቃል አፍርሷል (ማቴ. 10፥8)።

«ለንስሐ አባትሽ አትንገሪ»፣ «ብቻሽን ነዪ» ወይም «መድኃኒትሽን ጣዪ» ካለሽ ግን ማጣራቱንም ተዪው፤ ራቂና በዚያው ቀን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወት ይቀጥፋል፤ ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል አይደለም። እውነተኛ መነኩሴ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ከገዳሙ ሲወጣ ደብዳቤውን የተቀበለው ለሚጠይቀው ሊያሳይ ነውና።